ወንበር የሌለው መንገደኛ

በመሳፈሪያው ወረቀት ስሙ ሰፍሯል፦ ጆአሚ።
የወንበር ቁጥሩ ቦታ ላይ «ጭን» ይላል፤ ለሰሚ
ግራ ነው። የማን ጭን? በመስኮት በኩል ወይስ በመተላለፊያ?
የአሥራ አንድ ቀን መንገደኛ፣ ሻንጣ የለው፣ መታወቂያ፤
ገና ወዳላያት አገሩ፣ ወደ ፓንግነርቱንግ ተመላሽ።

እኛ መንደር አዋላጅ የለም፤ ወር ሲቀረን እንወጣለን፣
ሆዳችንን አስቀድመን፣ ባሎቻችንን በር ላይ ጥለን፤
ኢካሉት፣ የእርጉዞች ማደሪያ፣ ካርታ እየተጫወትን ቀን እንቆጥራለን፤
አንድ ሆነን ወጥተን፣ እግዜር ሲለን፣ እንመለሳለን ሁለት ሆነን።

«ከጀርባሽ አውርደሽ እቀፊው» አለች አስተናጋጇ ጂኔት፣ በለሆሳስ፤
(ካፖርታችን ጀርባው ጎጆ ነው፤ ልጁ ከማጅራታችን ሥር ሲተነፍስ
እንሰማዋለን።) «ራሱን በትከሻሽ ደግፊ፤ እጅሽ አይላቀቅ፣ እስክንደርስ።»
ለትልቁ ሰው ቀበቶ አለው፤ ለትንሹ ሰው እኔው ቀበቶ፤
እኔን ወንበሩ አሰረኝ፣ እሱን ክንዴ፤ ሌላ ዋስ ከየት መጥቶ።

ሞተሩ ሲያጓራ ነቃ። ፊቱ እንደ እርጥብ ጓንት ተጨማደደ፤
ጩኸቱ ከፊት ረድፍ ተነሥቶ እስከ ኋላው በር ወረደ።
ከጎኔ አሮጊቷ ኡላዩ፣ ጥርስ አስነቅላ የምትመለሰው፣
ጎንበስ ብላ አየችውና፣ «ጆአሚ ነው?» አለች፤ «ያው ሰው?»
«ያው ሰው» አልኳት።

እኛ ዘንድ ስም አይቀበርም፤ ባለቤቱ ሲሞት ቤት ይፈልጋል፤
የአባቴ ስም ሁለት ክረምት ዞሮ ዞሮ፣ ይኸው ጭኔ ላይ ያዛጋል።
«አባቴ» ለሌላ እናት የእሹሩሩ ቃል ነው፤ ማቆላመጫ፤
ለኔ ግን ቁርጡ እውነት ነው፤ ጭኔ ነው የአባቴ መቀመጫ።

ኡላዩ በአንድ ጣቷ ጉንጩን ነካ አደረገችው፤
«የተበደርከኝን የመረብ ክር መቼ ነው የምትመልስ?» አለችው።
ሳቀች፤ ባዶ ድዷን አሳየችው፤
እሱም የራሱን አሳያት።

አባቴ በዚህ መስመር ሲበር፣ ይህ ሦስተኛው ነው።
መጀመሪያ በመስኮቱ ጥግ፣ እያሳለ፣ የሐኪም ወረቀት ይዞ፤
ኋላ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከሽንኩርትና ከጎማ ጋር፣ በሳጥኑ ቀዝቅዞ፤
(ያን ቀንም እዚሁ ረድፍ ነበርኩ፤ ጭኔ ላይ ኮፍያው ብቻ።)
አሁን ደግሞ ክርኔ ላይ፣ ራሱን ላብ አጥምቆት፣ ጡቴን በሁለት እጁ ይዞ።

በሁለቱ ተራራ መሐል ደመና ተሰክቷል። መውረድ ስንጀምር ጆሮውን አመመው፤
አጠባሁት፤ ይውጣል፣ ያለቅሳል፣ ይውጣል። ካፒቴኑ አንዴ ሞከረ፤ ደገመው።
ነፋስ ከጎን ሲመታን፣ አንድ ቦርሳ ከላይ ወደቀ፤ አንዱ «ኢየሱስ!» አለ፤
ጉልበቴ ከዳኝ፤ ክንዴ ግን እንደ ወጥመድ ገጠመ፤ ሆዴ ተንጠለጠለ።
እሱ? በዚህ ሁሉ መሐል ጡቱን ለቆ፣ እንቅልፍ ጣለው።

«ይቅርታ» አለ ካፒቴኑ። የመንደራችንን አንድ ጣሪያ እንኳ ሳናይ፣
አፍንጫችን ዞረ ወደ ሰማይ።
ሞሴሲ፣ ባሌ፣ ከታች ሆኖ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ፣
እጁን አውለበለበ አሉ፤ ለደመናው፣ ሌላ የሚያየው አጥቶ።

ኢካሉት ወረድን። ሰው ሁሉ እያጉረመረመ ሻንጣውን ያወርዳል።
«በቃ፣ መሬት ላይ ነን፤ ልቀቂው» አለች ጂኔት። ክንዴ ግን ደንዝዟል፤
እምቢ አለኝ፤ ጣቶቼ ከጀርባው ላይ ተቆልፈው፣
አንድ በአንድ ፈታችልኝ፣ እንደ በረዶ የያዘው ገመድ አፍታትታ፣ በትንፋሿ አሙቃቸው።

በማግስቱ ተሰለፍን። አዲስ ወረቀት ታተመ፤
ጆአሚ፤ ወንበር፦ ጭን። ኡላዩ ከኋላዬ ሳቋ ቀደመ፦
«ይህ ሰውዬ ዛሬም መንገድ አልሰለቸውም!»
ደመናው ገና አልለየለትም። ካፖርቴን ፈትቼ፣ ከጀርባዬ አወረድኩት።
«አባቴ፣ እንሂድ» አልኩት።
አዛጋ።